በሩ ወዴት እንደሚያይ ያልታወቀ ቤት

ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰብለ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። «ካለሽበት» የምለው ለወጉ አይደለም፤ የት እንዳለሽ ስላላወቅሁ ነው። ድሮ «ካናዳ» ብዬ ጽፌ እገላገል ነበር። አሁን ግን ቤት ውስጥ ነሽ ወይስ መንገድ ላይ፣ ቆመሻል ወይስ እየሄድሽ ነው፣ እኔ አባትሽ ግራ ገብቶኛል። እኛስ ደህና ነን፤ ምስጋና ለእርሱ ይሁን። የማንኩሳው ጤፍ ዘንድሮ ሰጥቷል፣ አጨዳውም ተጀምሯል። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አንደበቷ ከአምናውም በርትቷል። ዛሬ ግን ዝም ብላለች። ነገ ጾመ ነቢያት ሊገባ፣ ዛሬ ቅበላ ሆኖ ሳለ፣ ዶሮው አሁንም ግቢ ውስጥ እየተንጎራደደ ነው። ከዚህ የቀረውን ገምቺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህትሽ ምሕረት ትናንት ከቡሬ መጣች። እኛ ጋ ኔትወርኩ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ ስለሚሄድ፣ የላክሽውን ቪዲዮ ካምፓስ ሆና አውርዳ በስልኳ ይዛልን መጣች። ሦስታችን ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አየነው። ሁለት ነጫጭ ሣጥኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበዋል፤ ከጎናቸው አልጋ አለ፤ ከአልጋው ቀጥሎ ወዲያው በር ነው። ከላይኛው ሣጥን ጀርባ የተጨማደደ ብርማ ቧንቧ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። እጅሽ ከውስጡ ነጭ ነገር እየመዘዘ ያወጣል። ድምፅሽ የለም። ከሥሩ የጻፍሽውን ምሕረት አነበበችልን፦

«አባዬ፣ እርስዎ የጭስ ማውጫ ሠሪ ነዎትና ይንገሩኝ። የልብስ ማድረቂያው እየጋለ ይቆማል። ቧንቧውን ብፈታው የእማዬ ጋቢ ጥጥ ጠቅጥቆታል። ማድረቂያው በጋዝ ነው የሚሠራው። ለጊዜው የቧንቧውን አፍ ወደ ውስጥ መልሼዋለሁ፤ ውጭው በረዶ ስለሆነ ሙቀቱም ይጠቅመኛል። በግድግዳው በኩል እንዴት አድርጌ ላውጣው? ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፤ ከድካም ነው መሰለኝ።»

እኔ መጀመሪያ የያዝኩት ግድግዳውን ነው። ሥራዬ ነዋ።

«ግድግዳው የምንድን ነው? ብሎኬት ነው ጭቃ?» አልኳት ምሕረትን።

«ቆርቆሮ ነገር ነው፣ አባዬ።»

«ካናዳ ድረስ ሂዳ ቆርቆሮ ቤት ገባች?»

«ቤት አይደለም። መኪና ነው።»

«መኪናው የታለ?»

«ይኸው! ውስጡን እኮ ነው የምናየው።»

እናትሽ አማተበች። ምሕረት «ካምፐር ይባላል፣ እንደ ቤት ሆኖ የተሠራ መኪና ነው፤ አልጋም ማድቤትም አለው። እዚያ ፋሽን ነው፣ ሀብታሞቹ ሳይቀሩ ይኖሩበታል። እናንተ ደግሞ አታካብዱ!» አለች። ንግግሯ የአዲስ አበባ ሆኖ ዓይኗ ግን መሬት መሬት ያያል። የምታውቀው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ያን ጊዜ የአምናው ነገር ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። «አዲስ ቤት ገባሁ» ብለሽ የደወልሽ ጊዜ እናትሽ «ያለ ጸበል ቤት አይገባም» ብላ ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ደፋች። የኔታ ክንፈሚካኤልን ጠራናቸው። እርሳቸውም «ባለቤቲቱ ባትኖርም ጸሎት መንገዱን ያውቃል። ብቻ በሩ ወዴት እንደሚያይ ጠይቁልኝ፣ ወደዚያው ዞሬ ልጸልይ» አሉ። ደወልኩልሽ። ምን አልሽኝ? «ይለያያል፣ አባዬ።» የበር ይለያያል ምንድን ነው ብዬ ለየኔታ ልንገራቸው? ስንተባተብ ጊዜ ሽማግሌው አዝነውልኝ ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞሩ ጸለዩልሽ፤ ጸበሉንም ደጁ ላይ ረጩት፣ ግማሹ እኔ ላይ ፈሰሰ።

ጎረቤትሽንም ስንጠይቅሽ አንድ ቀን ውሻ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው ትያለሽ፣ ሌላ ቀን ሐይቅ ነው ትያለሽ፣ ሌላ ቀን ደግሞ የገበያ አዳራሽ ነው ትያለሽ። እኔም ሱቄ ደጃፍ ለሚቀመጡት ሁሉ «ካናዳ ጎረቤት አይረጋም፣ ዛሬ ያየኸውን ነገ አታገኘውም» እያልኩ እንደ አዋቂ ሳወራ ከረምኩ። ለካ የማትረጊው አንቺ ነሽ! ያንን ጋቢ እናትሽ ለአዲሱ ቤት ብላ ስትፈትል ከረመች፤ ሸማኔውንም «ለሁለት ሰው የሚበቃ አድርገው» ብላ ሰፋ አስደርጋ አሠራችው። ትናንት በማሽን መታጠቡን ስትሰማ መጀመሪያ የተናደደችው በዚያ ነበር። «ጋቢ በእሳት ይደርቃል? ፀሐዩ ምን በላው?» እያለች ቤቱን ስትዞረው አመሸች።

እኔም ብሆን አልገባኝም። በመኪና ውስጥ ልብስ ሲታጠብ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይፈሳል? መኪናው ሲነሣ ማሽኑ አይወድቅም? አንድ ሰው፣ ይሁን ሁለት ሰው፣ ምን ያህል ልብስ ቢያቆሽሽ ነው አልጋው ጥግ ድረስ ማሽን የሚያስገባው? አንቺ እኮ እዚህ ሳለሽ ቅዳሜ ጠዋት ባንድ ሳፋ ትጨርሺው ነበር። ሌላም አለ። በመልእክትሽ ሁሉ «መልሼዋለሁ»፣ «ብፈታው»፣ «ላውጣው» ነው ያልሽው። ጌታሁን የት ሂዶ ነው ቧንቧ የምትፈቺው? ባልሽ እጁ ለሥራ የማይሰንፍ ልጅ መስሎኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሌላ ቀን ልተወው። አሁን ስሚኝ፤ ይህን ክፍል ደጋግመሽ አንብቢው። ከዓመታት በፊት አንድ ዳቦ ቤት ጠሩኝ። ወፍ ጭስ ማውጫው ውስጥ ጎጆ ሠርታ ደፍናው፣ ከምድጃው አጠገብ ያደሩ ሁለት ጋጋሪዎች ጠዋት አልነቃ ብለው ተጎትተው ወጥተዋል። በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፈዋል። ምንም ጭስ አላዩም፣ ምንም አልሸተታቸውም። አንደኛው ከዚያ በፊት «ራሴን ያመኛል» ሲል ሰንብቶ ጓደኞቹ «ከድካም ነው» ይሉት ነበር። አንቺም ቃል በቃል ይህንኑ ጻፍሽልኝ። ከሰል አጥፍቶ የገባ ሰው እንኳ በር ዘግቶ አይተኛም፤ አንቺ የሚነድ ጋዝ ትንፋሹን አልጋሽ ላይ እንዲለቅ አዙረሽዋል። ሙቀት ይጠቅመኛል አልሽ። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሙቀት አይጠቅምም።

ምሕረት ከሰዓት ወደ ቡሬ ስትመለስ ከሁሉ በፊት «አጥፊው፣ መስኮቱን ክፈቺ» ብላ እንድትጽፍልሽ አዝዣታለሁ። የቀረውን እኔ ልንገርሽ። ያንን የተጨማደደ ቧንቧ ጣይው፤ እጥፋቱ ሁሉ ጥጥ ይይዛል። ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ የማይተጣጠፍ የብረት ቧንቧ ግዢ። ከማሽኑ ጀርባ እስከ ግድግዳው ያለው መንገድ ባጠረ ቁጥር ይሻላል፤ መታጠፊያ ከበዛበት ትንፋሹ ደክሞ ጥጡን እዚያው ይጥለዋል። አንዱን ቧንቧ በሌላው ስታጋጥሚ፣ ከማሽኑ የሚመጣው አፍ ወደሚቀጥለው ውስጥ ይግባ እንጂ የሚቀጥለው ወደ እርሱ አይግባ፣ ያለዚያ ጠርዙ ላይ ይጠራቀማል። በብሎን አትምቺው። የብሎኑ ጫፍ ወደ ውስጥ ብቅ ካለ ጥጥ ይይዛል፤ በውጭ በኩል በማሰሪያ አጥብቂው። ወለሉን በስተሽ ከመኪናው ሥር አታውጪው፣ እንፋሎቱ ተመልሶ በወለሉ ይገባል። ከመስኮትም ሥር አይሁን። ግድግዳው ላይ ስትበሺ ደግሞ ኤሌክትሪክና ውሃ የት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ሳያይልሽ እንዳትነኪው። የጋዙን ነገር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይንካው። ይህ ዕውቀት የእኔ አይደለም፤ ምሕረት ነች «አባዬ፣ ይህንን ይጻፉላት» ያለችኝ፣ ትክክልም ናት።

ማታ ነው፣ መብራቱም ሊሄድ ብልጭ ድርግም ይላል። ነገ ቡሬ ወርጄ ለምሕረት እሰጣታለሁ፤ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ደብዳቤው አልተላከም። ትናንት ይዤው ቡሬ ሄድኩ፤ ይዤውም ተመለስኩ።

ቡሬ የወረድኩት ላሜራም ልገዛ ነበር። ለቧንቧሽ ውጭ ጫፍ ክዳን ልሠራልሽ አስቤ ነው፣ ትንፋሽ ሲወጣ የሚከፈት፣ ሲቆም የሚገጥም፣ አይጥና ነፋስ የማያስገባ። እዚያ አገር ተሠርቶ እንደሚሸጥ አላጣሁትም። ቢሆንም እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። ምሕረት «እሺ ብላለች፣ አጥፍቻለሁ ብላለች» ብላ መልስሽን አሳየችኝ። «እሺ» ማለትሽን አየሁ። አንቺ እሺ ብለሽ የወደድሽውን የምታደርጊ መሆንሽን ስለማውቅ አሁንም እደግመዋለሁ፦ ቧንቧው ወጥቶ ባለሙያ አይቶ እስኪጨርስ እንዳታበሪው።

ከመናኸሪያው ስወጣ ከአማትሽ ከእትዬ ንግሥቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሚኒባስ እየጠበቁ ነበር። ተሳሳምን፣ ስለ እህሉ ጠየቅን፣ ስለ ከብቱ ጠየቅን።

«አያ ላቀው፣ ልጆቻችን እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

«እኔ ከእርስዎ ልሰማ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ከእርስዎ። ለጌታሁን ስደውል፣ ሰብለን አገናኘኝ ስለው፣ 'ሥራ ላይ ናት' ይለኛል፣ ሌላ ጊዜ 'ተኝታለች' ይለኛል። ኧረ ሰው ዓመት ሙሉ ይተኛል?»

«አዲሱን ቤታቸውንስ አይተውታል?» አልኳቸው።

«የምን አዲስ ቤት? እሱ ከድሮው ቤት መች ወጣ?»

እዚያ ላይ ነገሩ ለሁለታችንም ገባን፤ ሁለታችንም ያልገባን መሰልን። ምን እንበል? ሚኒባሱ መጣ። ሊሳፈሩ እግራቸውን አንሥተው ሳለ ዞረው እጄን ያዙኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አያ ላቀው። እኔ ልጄ የምለው ሁለቱንም ነው። ይህን ንገሩልኝ» አሉ። ነገርኩሽ።

ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ መስጠት አቃተኝ። «ባልሽ የት ሂዶ ነው» ብዬ ጽፌ የለ? እንዳልጠየቅሁሽ ላድርገው ብዬ ልቀደው አሰብኩ፤ የቧንቧው ነገር እዚያው ወረቀት ላይ ሆነብኝ። ቤት ይዤው ገባሁ።

ዛሬ ጠዋት ለእናትሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣ ሰማችኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ እየፈተለች ነው፤ እኔም የተበላሸውን ጋቢ ልትተካ ነው ብዬ ትቻት ነበር። አንብቤ ስጨርስ፣

«ስለ ቧንቧው ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ። ጋቢ በዓመት ስንት ጊዜ ይታጠባል?»

«ለፋሲካ። ቢበዛ ለእንቁጣጣሽ።»

«ታዲያ ጥጡ ተልጦ ቧንቧ እስኪደፍን በየቀኑ የምታጥበው ምን ቢፈስበት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወጥ ይሆናል።»

«ወጥ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ዕንባ ነበረበት። «አንተ ያየኸው ቧንቧውን ነው። አልጋው ጫፍ ላይ የተሰጣውን አላየህም።»

«ምን ነበር?»

አውራ ጣቷን አሳየችኝ። «ይህን የምታህል ካልሲ። ሁለት።»

ልጄ፣ ያን ጊዜም አልገባኝም ብልሽ ታምኛለሽ? ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዳንድ ነገር በመዶሻ ካልሆነ አይገባኝም። እናትሽ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ከጥቅምት ወዲህ ስልክ አታነሣም። መልእክት ብቻ ነው። ቪዲዮ ስትልክ ድምፁን አጥፍታ ነው። ለምን ይመስልሃል? ድምፅ እንዳንሰማ ነው። የእሷን ድምፅ አይደለም» አለችኝ።

ተነሥቼ ሱቄ ገባሁ፤ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ተናድጄ አይደለም፣ አፍሬም አይደለም። ብቻሽን አምጠሽ፣ ብቻሽን ታርሰሽ፣ ገንፎ የሚያቀርብልሽ ሳይኖር፣ በዚያ ብርድ ቧንቧ ስትፈቺ ታይተሽኝ ነው። እልል የሚልልሽ እንኳ አልነበረም። እናትሽ እልልታውን አፏ ድረስ አምጥታ ጎረቤት እንዳይሰማ ዋጠችው። «ራሷ እስክትነግረን» አለች። እኔ ግን ትዕግሥት የለኝም፤ ታውቂኛለሽ።

ስለዚህ ቅድም ስለ ጋዙ የጻፍኩትን አሁን በሌላ ልብ አንብቢው። ያ የማይታይ ትንፋሽ ከትልቁ አስቀድሞ ትንሹን ይጎዳል። ዛሬውኑ ሁለታችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ «ራሴን ያመኝ ነበር፣ ጋዝ እዚህ ያስተነፍስ ነበር» ብለሽ ንገሪያቸው። ያ የማይታይ ትንፋሽ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ አለ ትላለች ምሕረት፤ ከአልጋው አጠገብ አድርጊው። እዚያ በምትሄጂበት ቤተ ክርስቲያን የሚያሳድር ሰው ካለ መኪናው እስኪስተካከል ደጁን አንኳኪ። ማንም ቢጠይቅሽ የላቀው ቆርቆሮ ሠሪው ልጅ ነኝ፣ አባቴ ነው ያዘዘኝ በይ።

ከሱቄ ስወጣ እግሬ የወሰደኝ የኔታ ክንፈሚካኤል ዘንድ ነው። ማሽኑንም፣ መኪናውንም፣ ካልሲውንም ነገርኳቸው። ስለ ጌታሁን ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን «እንግዲህ የበሩን አቅጣጫ ዳግመኛ አልጠይቅም» አሉ። ቀጥለውም «አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። አርባ ነው ሰማንያ? ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሡት። ከጥቅምት ከሆነ አርባው እየደረሰ ነው፤ ቀኑ እንዳያልፍ» አሉኝ። ለቤቱ ወደ አራቱም ማዕዘን የጸለዩ ሰው ለሕፃኑ ምን ያህል እንደሚጸልዩ አንቺው አስቢው።

ክዳኑን ዛሬ ጨርሼዋለሁ። ማጠፊያው እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ቀላል ሆኗል፤ እፍ ሲሉት ይከፈታል። እናትሽ እየደጋገመች እፍ እያለች ስትከፍተው ዋለች። ሰው ስናገኝ ከእርሷ ሥራ ጋር እንልከዋለን። የእርሷ ሥራ ያው የምትፈትለው ነው፤ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ነው፣ ለሁለት ሰው አይበቃም። ስለ ጋቢውም ጨምር ብላኛለች፦ «በእሳትም ይድረቅ፣ ጥጡም ይለቅ፤ የፈተልኩት ለዚያው ነው በላት።»

ስለ ጌታሁን መጻፍ ካልፈለግሽ አትጻፊ። ስለ መኪናውም፣ ለምን እንደደበቅሽንም አንጠይቅሽም፤ ሲመችሽ ትነግሪናለሽ። ለጊዜው አንድ ቃል ብቻ ላኪልን። ምሕረት ካምፓስ ሆና ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች፣ እኔ መናኸሪያው ጋ እጠብቃታለሁ፣ እናትሽ እልልታዋን ይዛ ደጅ ትጠብቀኛለች።

የቆምሽበት መሬት ይባረክልሽ፣ የምትሄጂበትም መንገድ። በርሽ ወዴትም ይዙር፣ ጠባቂ መልአክ አይለየው። እቅፍሽ ይሙቅ፤ ሙቀቱ ግን ከጋዝ አይሁን።

አርባ ነው ሰማንያ?

አባትሽ ላቀው